በዓል የሚያከብረው ወንዝ

ሬቤካ ጋትሉዋክ ቦርዷን ከኮምፒውተሩ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ስታገናኝ ስክሪኑ ላይ የወጣው ነገር ፊደልም ቁጥርም አልነበረም። የሚስቁ ትንንሽ ፊቶች፣ የካርታ ልቦች፣ የተገለበጡ የጥያቄ ምልክቶች ተግተልትለው ወጡ።

«እየሳቀብሽ ነው» አለ በሪሁን በትከሻዋ በኩል አጮልቆ እያየ።

በሪሁን የክልሉ ውሃ ቢሮ የወንዝ ልኬት ባለሙያ ነው። ከደብረ ታቦር ተመድቦ ጋምቤላ ከመጣ ብዙ ክረምት አልፎታል። ሬቤካ የኢታንግ ልጅ ናት፤ ከአዲስ አበባ በኤሌክትሮኒክስ ተመርቃ ከተመለሰች ገና ዓመቷ ነው። ክልሉም ራሱ ክልል ከሆነ ብዙ አልቆየም፤ የቢሮው ግድግዳ ቀለም ዝናብ በነካው ቁጥር እጅ ላይ ይቀራል።

«አይስቅም» አለች ሬቤካ። «ቦርዷ በአንድ ፍጥነት ታወራለች፣ ኮምፒውተሩ በሌላ ፍጥነት ይሰማል። ስለዚህ የሰማውን ሁሉ ያበላሸዋል።»

«እኔና የቤት አከራዬ ማለት ነው።»

እውነትም እንደዚያ ነበር። በጋምቤላ ገበያ ኑዌሩ፣ አኙዋው፣ ከደጋ የመጣው ሰው ሁሉ የሚገናኘው በአማርኛ ነው፤ ለአብዛኛው ደግሞ አማርኛ የእናቱ ቋንቋ አይደለም። ሻጭና ገዢ ካልተግባቡ አንደኛው ዝግ ይላል፣ ሌላውም ዝግ ይላል፣ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ሬቤካ የፕሮግራሙን አንድ መስመር አርማ ኮምፒውተሩን ዝግ እንዲል አደረገችው። ፊቶቹና ልቦቹ ጠፉ። በምትካቸው አንድ ቁጥር መጣ፤ ከሥሩ ሌላ፣ ከሥሩ ሌላ። ሬቤካ ከጠረጴዛው ላይ ያለችውን የድምፅ ማዞሪያ፣ ከተበላሸ ሬዲዮ ነቅላ ከቦርዷ ጋር የበየደቻትን፣ በሁለት ጣቷ ስታዞር ቁጥሩ አብሮ ጨመረ። መልሳ ስታዞር ቀነሰ።

በሪሁን ቀልዱን ተወ። ማዞሪያዋን ራሱ ያዛትና ቀስ ብሎ አዞራት፤ ቁጥሩ ተከተለው።

«ይህን ከወንዙ ጋር ካሰርነው…» አለ።

«ባሮ ራሱ ያዞራታል።»

ቦርዷ መዳፍ የምታክል አረንጓዴ ነገር ናት። መሐሏ ላይ አንዲት ጥቁር ቺፕ ተቀምጣለች፣ ዳርና ዳሯ የሽቦ መሰኪያ ነው። ለፋብሪካ የተሠራች አይደለችም፤ ኤሌክትሮኒክስ የሚወዱ ሰዎች እቤታቸው ሆነው እንዲነካኩበት የምትሸጥ ናት። ኮሌጅ ታስተምራት የነበረች መምህርት በምረቃዋ ቀን የሸለመቻት ናት። ሬቤካ በሻንጣዋ፣ በፎጣ ጠቅልላ፣ በአውቶቡስ ጎሬ ድረስ፣ ከጎሬ በጭነት መኪና አምጥታታለች።

ኮምፒውተሩ ግን የእሷ አልነበረም። ቢሮው ያለው እሱን ብቻ ነው፤ የክልሉ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ደግሞ ደብዳቤ ለመጻፍ ሲፈልገው ቆይቷል። የቢሮው ኃላፊ አቶ ታንግ ሬቤካን ጠርተው የነገሯት በአጭሩ ነው።

«እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ወንዝ በስክሪን ይታያል አልሽ። እሺ። ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ከምክር ቤቱ ሰዎች ይመጣሉ። ካሳየሻቸው ኮምፒውተሩ እዚሁ ይቀራል። ካላሳየሻቸው እሱ ወደ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፣ አንቺ ወደ ጎግ።»

«ጎግ ምን ልሠራ?»

«የውሃ ፓምፕ ጄኔሬተር አለ። የሚጠግነው ሰው የለም።»

ጎግን አልጠላችውም። ያንገበገባት ሌላ ነበር። ባለፈው ክረምት ባሮ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ዳርቻው ላይ የታሰሩትን ጀልባዎች ጠራርጎ ወስዷል፤ የአጎቷ የኮንግ ጀልባም አብሮ ሄዷል። ከጎርፉ በፊት የውሃው መጠን ሳይለካ ቀርቶ አይደለም። በሪሁን ድልድዩ ሥር በቆመው ባለ ቁጥር ሰሌዳ በየጠዋቱ ያነባል፤ ያነበበው አዲስ አበባ ይላካል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ታትሞ ይመለሳል። የጋምቤላ ሰው ባሮ ምን ያህል እንደሞላ የሚያውቀው ከደረቀ በኋላ ነው። ሬቤካ ይህን የምታስበው እንደ ቁጭት ብቻ አልነበረም፤ እናስቀረዋለን የምትለው ነገር ሆኖባት ነበር።

መሣሪያው የተተከለው በአሮጌው ወደብ ነው፤ ድሮ ከሱዳን የሚመጡ መርከቦች ጭነት ያራግፉበት በነበረ መጋዘን ውስጥ ቢሮው አንድ ክፍል አለው፤ ኮምፒውተሩንም ወደዚያ አመጡት። የኤሌክትሪክ ሽቦው ውሃው ድረስ አልደረሰም። ስለዚህ ኮንግ ለመረብ የሚሆን ጠንካራ ገመድ ሰጣቸው።

«ጀልባዬን የወሰደ ወንዝ ነው» አለ እየሰጣት። «በደንብ እሰሪው።»

በከፊል አሸዋ የተሞላ በርሜል ውሃው ላይ አንሳፈፉ። ገመዱ ከበርሜሉ ተነሥቶ ዳርቻው ላይ ባቆሙት ግንድ ላይ አለፈ፣ ከማንጎዎቹ ኋላ በኩል በአየር ላይ ተወጥሮ መጋዘኑ መስኮት ገባ፣ እዚያ በአሮጌ የብስክሌት ቸርኬ ዙሪያ ተጠምጥሞ ጫፉ ላይ አንድ ድንጋይ ተንጠለጠለበት። ባሮ ሲሞላ በርሜሉ ከፍ ይላል፣ ድንጋዩ ይወርዳል፣ ቸርኬው ይዞራል፤ ከቸርኬው ጋር የሬዲዮዋ ማዞሪያ ትዞራለች። ሲጎድል ሁሉም ወደ ኋላ ነው። ቦርዷ ቁጥሩን ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለች፤ ኮምፒውተሩ አረንጓዴ መስመር ይስላል።

የሞከሩት እሑድ ነበር። ዳርቻው ጭር ብሎ፣ የቢሮውን ጄኔሬተር ለዚሁ ብለው አስነሥተው ዋሉ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ባሮ ትንሽ ሲጨምር መስመሩም ትንሽ ጨመረ። በሪሁን ድልድዩ ድረስ እየሮጠ ሄዶ ሰሌዳውን አይቶ እየሮጠ ተመለሰ።

«ልክ ነው!» አለ እያለከለከ። «ልክ ነሽ!»

ሰኞ ጠዋት ባሮ ጎደለ።

ሐምሌ ነው። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ውሃው ቡናማ ሆኖ ግንድ ይዞ ይወርዳል፣ ስክሪኑ ላይ ግን አረንጓዴው መስመር ቁልቁል ወርዶ ተኝቷል። በሪሁን ሰሌዳውን አይቶ መጣ፤ ውሃው ንቅንቅ አላለም። ከሰዓት በኋላ መስመሩ በራሱ ጊዜ ወደ ቦታው ተመለሰ። ማክሰኞም እንደዚያው፤ ጠዋት ወረደ፣ ከሰዓት ወጣ።

ሬቤካ ሽቦውን መረመረች። ቺፗን ነቅላ መልሳ ሰካች። ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ዜናው ቢሮው ውስጥ ተሰማና ሰው በሩን እየከፈተ ይጠይቃት ጀመር።

«ሬቤካ፣ ባሮ ዛሬም ደርቋል? በእግራችን እንሻገር?»

«ለሱዳኖቹ ይነገራቸው እንጂ፣ ጉድ ሊሆኑ ነው!»

እሷ አንገቷን ደፍታ ትበይዳለች። በሐምሌ ሰባተኛው ቀን አንዲት ብየዳ ጥርጣሬ አሳድራባት አድሳት ነበር፤ ያን ቀን መስመሩ ቀኑን ሙሉ ሳይወርድ ዋለ። ተደሰተች። ችግሩን አገኘሁት ብላ ለአቶ ታንግ ነገረች። አቶ ታንግ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በማግሥቱ ጠዋት ባሮ እንደገና ጎደለ።

«የነገርሽኝ ስህተት ነበር?» አሏት አቶ ታንግ። አልተቆጡም፤ ይልቅ ይህ ነው የከበዳት።

«አዎ።»

«እሺ። አሥራ ዘጠኝ ቅርብ ነው።»

በሐምሌ አሥራ ሁለተኛው ቀን ሬቤካ ምንም አልነካችም። የምትነካው ነገር አልቆባት ነበር። ተቀምጣ ስክሪኑን ታያለች። መስመሩ ቀጥ ብሏል። ረፋድ ሆነ፤ ቀጥ እንዳለ ነው። በሪሁን አርፍዶ፣ ነጠላውን እንዳጣፋ ገባ።

«የት ነበርክ ጋሽ በሪሁን?»

«ቤተ ክርስቲያን ስሜ መጣሁ። ዛሬ ሚካኤል አይደል?» ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። «ባሮስ? ዛሬ አልጎደለም እንዴ? በዓል ያከብራል ማለት ነው!»

ብቻውን ሳቀ። ሬቤካ ግን አልሳቀችም። ወደ እሱ ዞረች።

«ሰባት ምን ነበር?»

«ሐምሌ ሰባት? ሥላሴ ነዋ።»

«እሑድም አልጎደለም።»

«እሑድማ ሰንበት ነው።»

«ጋሽ በሪሁን፣ እኔ ኑዌር ነኝ፣ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ነኝ። ሚካኤልን አላውቅም። ቺፗም አታውቅም። በዚህ ከተማ እሑድን፣ ሥላሴን፣ ሚካኤልን አክብሮ በሌላው ቀን ግን እዚህ መጥቶ የሚሠራ ማነው?»

በሪሁን በጣቱ እየቆጠረ አሰበ። «ብዙ ሰው ነው» አለ በመጨረሻ።

በማግሥቱ ሬቤካ ኮምፒውተሩ አጠገብ አልተቀመጠችም። ጠዋት መስመሩ መውረድ ሲጀምር ከመጋዘኑ ወጣች፤ በመስኮቱ የሚወጣውን ገመድ እያየች፣ እጇን እያስከተለች፣ በመጋዘኑ ጀርባ ዞራ ከማንጎዎቹ ኋላ ሄደች። ከክፍሏ መስኮት ይህ አይታይም። እዚያ ገመዱ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኗል። አንሶላ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ አንሶላ። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ገመዱ መሐሉ ላይ ተለጥጦ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። አንዲት ሴትዮ የመጨረሻውን አንሶላ ጨምቀው እያራገፉ ነበር።

ሬቤካ ገመዱን በዓይኗ ተከተለች። አንሶላው ገመዱን ይጎትታል፣ ገመዱ ድንጋዩን ወደ ላይ ይስባል፣ ቸርኬው ይዞራል፣ ቦርዷም የታዘዘችውን ታደርጋለች። ከጠዋት ጀምሮ የነገረቻት አንድም ሐሰት አልነበረም። ያየችውን ነው የተናገረችው።

«እንደምን አደሩ» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደርሽ ልጄ።» ሴትዮዋ እትዬ ወርቅነሽ ይባላሉ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው አቦቦ ከሰፈሩት ናቸው፤ ኋላ ወደ ከተማ ገብተው ከሌሎች የአገራቸው ሴቶች ጋር የሆቴሎችን አንሶላ ያጥባሉ። «የውሃ ቢሮ ልጅ ነሽ አይደል? እግዚአብሔር ይስጣችሁ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ገመዱ ነዋ! ስንት ዓመት ሙሉ ቁጥቋጦ ላይ ስናሰጣ፣ እሾህ አንሶላ ሲቀድብን። ክልሉ ለእኛም አሰበ አልን። እንዲያውም ለአለቃሽ መጥተን ልናመሰግን ተመካክረን ነበር፣ ዝናቡ ከለከለን እንጂ።»

ሬቤካ መጀመሪያ ሳቋን ያዘችው። ከዚያ አልቻለችም። እትዬ ወርቅነሽ ግራ ገብቷቸው እያዩአት፣ ማንጎው ላይ ተደግፋ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ይምጡ» አለች እጃቸውን ይዛ። «ይምጡ ላሳይዎት።»

ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠቻቸው። እትዬ ወርቅነሽ እርጥብ እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠርገው አረንጓዴውን መስመር አዩ። ሬቤካ በጣቷ አሳየቻቸው፤ ይህ ባሮ ነው፣ ይህ የበርሜሉ ቦታ ነው፣ ይህ የወረደው ደግሞ የእርስዎ አንሶላ ነው።

«የእኔ አንሶላ? እዚህ ውስጥ?»

«አዎ። ወንዙን በአርባ ሳንቲሜትር አጎደሉት።»

እትዬ ወርቅነሽ ጠጋ ብለው መስመሩን እንደገና አዩት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደው ወደ ውጭ ጮኹ፤ «እናንተ! ባሮን አጉድለነዋል!»

ያን ቀን ከሰዓት ኮንግ ሌላ ገመድ ይዞ መጣ፤ ከማንጎ ወደ ማንጎ፣ ከመጀመሪያው ራቅ አድርጎ ዘረጋው። «ይኸ የሴቶቹ» አለ፣ «ያኛው የወንዙ።» ከዚያ ወዲያ ገመዱን መጠበቅ የሴቶቹ ሥራ ሆነ። ፍየል ቢጠጋ፣ ልጆች ሊዘሉበት ቢያስቡ፣ «የኮምፒውተር ነው!» እያሉ ያባርራሉ።

መስመሩ ቀጥ አለ፤ ከዚህ በኋላ ያለ ወንዙ ፈቃድ ወዴትም አልሄደም። ሬቤካ የቀረ ነገር ያለ አልመሰላትም ነበር።

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ጠዋት ካፊያ ነበር። ገብርኤል ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሰው በነጭ በነጩ ለብሶ በዳርቻው ያልፋል። የምክር ቤቱ ሰዎች መጋዘኑ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው ቆሙ። ከመካከላቸው አቶ መልአኩ አሉ፤ ክልሉን በዕቅድ የሚያማክሩ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ የደጋ ሰው ናቸው። ሬቤካ ስለ በርሜሉ፣ ስለ ማዞሪያዋ፣ ስለ ቦርዷ ተናገረች። ስክሪኑን አሳየች።

መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ባሮ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ሁሉም ይጠብቃሉ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

«ቆንጆ ነው» አሉ አቶ መልአኩ። «ግን ይህ ወንዝ ነው ወይስ ሥዕል? አይከፋሽ ልጄ፣ እኔ ቀጥ ያለ መስመር ነው የማየው። ኮምፒውተር መስመር መሳል ይችላል።»

አቶ ታንግ ሬቤካን አዩ። ወንዝን እንዲነቃነቅ ማዘዝ አይቻልም። ማዞሪያዋን በእጇ ብታዞር ደግሞ በእጅሽ አዞርሽው ይሏታል። በሪሁን ነው ወደ መስኮቱ የሄደው።

«እትዬ ወርቅነሽ!» ብሎ ጮኸ። ከማንጎዎቹ ሥር፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ከጓደኞቻቸው ጋር ቆመዋል፤ ጠዋቱን ሙሉ አልሄዱም። «የወንዙ ገመድ ላይ ልብስ ይስቀሉ!»

«ዛሬ? በገብርኤል? አብደሃል እንዴ አንተ ሰው!»

«ሳያጥቡ ይስቀሉ!»

እትዬ ወርቅነሽ ለአፍታ አሰቡ። ማጠብ ሥራ ነው፤ መስቀል ብቻውን ግን ሥራ መሆኑን የነገራቸው የለም። ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱና ገመዱ ላይ ጣሉ።

ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ስክሪኑን አዩ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

«አልበቃም!» ጮኸች ሬቤካ። በዚያ ክፍል ውስጥ ስትጮህ ሰው የሰማት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። «አንዱ አልበቃም እትዬ! ይጨምሩ!»

«እናንተ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ እትዬ ወርቅነሽ ለጓደኞቻቸው። ሁለተኛ ነጠላ ወደቀ። ሦስተኛ። ካፊያው ያራሰው የአንዲት ወፍራም ሴትዮ ጋቢ። ገመዱ ረገብ አለ፣ ቸርኬው ሲጥ አለ፣ አረንጓዴው መስመር እንደ ደረጃ አንድ፣ ከዚያም አንድ ዝቅ አለ።

አቶ መልአኩ ወደ መስኮቱ ሄደው አንገታቸውን አወጡ። «አንዱን ያንሱት!» አሉ። ጋቢው ተነሣ። መስመሩ ወጣ። «ይመልሱት!» መስመሩ ወረደ። አማካሪው እንደ ልጅ ደጋገሙት፤ አንሡ፣ መልሱ፣ አንሡ። ሴቶቹ ውጭ እየሳቁ ይታዘዛሉ።

«በቃ፣ በቃ» አሉ በመጨረሻ፣ እየሳቁ። «ልብሳችሁን ልበሱ፣ ይበርዳችኋል።» ወደ ሬቤካ ዞሩ። «ይቺ ቦርድ የምትነጋገረው ከዚህ ኮምፒውተር ጋር ብቻ ነው?»

«አይደለም። ፍጥነቷን ካወቀላት ከማንኛውም ጋር ትነጋገራለች። በእጅ ከሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተርም ጋር።»

«ኢታንግ ላይ አንድ ቢተከል?»

«ኢታንግ የእኔ አገር ነው» አለች ሬቤካ።

ያን ጊዜ ነው ስክሪኑን እንደገና ያየችው። ነጠላዎቹ ሁሉ ተነሥተዋል፤ ገመዱ ባዶ ነው። መስመሩ ግን ወደ መጀመሪያ ቦታው አልተመለሰም። አልፎት ወጥቷል። ገመዱ ተጠላልፎ ይሆን? ቸርኬውን አየች። ቸርኬው በቀስታ፣ ማንም ሳይነካው፣ እየዞረ ነው። ድንጋዩ እየወረደ ነው።

«ጋሽ በሪሁን» አለች ዝግ ባለ ድምፅ።

በሪሁን አይቶ ወደ ድልድዩ ሮጠ። አቶ ታንግ ግን አልጠበቁትም። ጠዋት ብዙ ጊዜ ወስደው ያሰሩትን ከረባት ፈትተው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ዳርቻው ወረዱ። ጠዋት ደረቅ የነበረው ድንጋይ ላይ ውሃ ደርሷል። ከላይ በደጋው፣ ጎሬ ላይ ሌሊት የዘነበው ዝናብ መምጣቱ ነው።

«ኮንግ!» ሲሉ ከመጋዘኑ ድረስ ተሰማ። «ኮንግ! አዲሱን ጀልባህን አውጣ! ሁላችሁም አውጡ! ባሮ እየመጣ ነው!»

«ማን ነገረዎት?» አለ ኮንግ ከታች።

አቶ ታንግ ወደ መጋዘኑ መስኮት፣ ሬቤካ ወደቆመችበት፣ እጃቸውን ዘረጉ። «የእኛ ልጅ።»

ወንዶቹ ጀልባዎቹን እየጎተቱ ወደ ላይ ሲያወጡ፣ እትዬ ወርቅነሽ ነጠላቸውን እንደገና አጣፍተው መስኮቱ ሥር መጥተው ቆሙ።

«አሁን የሰቀልነው የለም» አሉ ወደ ውስጥ እያዩ። «ታዲያ ምን ሆነ?»

«አሁን እሱ ራሱ ነው» አለች ሬቤካ።

አቶ ታንግ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ረጥቦ ሲመለሱ የምክር ቤቱ ሰዎች ገና እዚያው ነበሩ። ለአቶ መልአኩ የተናገሩት በአጭሩ ነው።

«ለጽሕፈት ቤቱ ሌላ ኮምፒውተር ይፈለግለት። ይህ ሥራ ላይ ነው።»

ሬቤካ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። አረንጓዴው መስመር ሽቅብ ይሄድ ነበር። የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ሊደርስ ሲል ፕሮግራሙን ከፍታ ለባሮ ተጨማሪ ቦታ ሠራችለት።